ያ ጯሂ ፕሪንተር ይገዛል ወይ ላላችሁኝ

ሰሞኑን ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ አካባቢ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተ ልጅ ደወለልኝና፣ «ጋሼ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ያረጀ ኤፕሰን ፕሪንተር በሐራጅ ሊሸጥ ነው። ያ ባለ ሪባኑ፣ የሚጮኸው። ልግዛው ወይስ ቁርጥራጭ ብረት ነው?» አለኝ። ግዛው አልሁት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀስቅሶብኝ ነው ያደረው፤ ስለዚህ ለእሱም፣ እንደ እሱ ሥራ ለጀመራችሁትም ልጻፈው ብዬ ተቀመጥሁ።

ዕድሜዬን የጨረስሁት የቢሮ ማሽን በመጠገን ነው። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር፣ የዘጌን ቡናና ጌሾ እየተረከበ የሚያከማች አንድ ድርጅት ነበር፤ ስሙ ይቅር። ማሽኖቻቸውን በኮንትራት የምጠግንላቸው እኔ ነበርሁ። ሚዛኑ አጠገብ አንድ ባለ ዘጠኝ መርፌ ኤፕሰን ተቀምጦ ነበር። ሰዉ ከጀልባ ወርዶ ጆንያውን ያስመዝናል፤ ጸሐፊዋ ኪሎውን ታስገባለች፤ ማሽኑ ጥርርር እያለ፣ ጠርዝና ጠርዙ የተበሳሳውን ወረቀት በጥርሱ እየሳበ ባለ ሦስት ቅጂ ደረሰኝ ያወጣል። ነጩ ለባለንብረቱ፣ ሮዙ ለሒሳብ ክፍል፣ ቢጫው እዚያው ጥራዝ ውስጥ ይቀራል። መርፌዋ ሪባኑን፣ ማለት ቀለም የተነከረውን ጥብጣብ፣ ስትመታ ምቱ ሦስቱም ወረቀት ላይ በአንድ ጊዜ ያርፋል። አንዱን ቅጂ ለብቻው የለወጠ ከሌሎቹ ጋር ሲመሳከር ይጋለጣል። ሌዘሩም ሆነ ቀለም የሚረጨው ፕሪንተር ይህን አያደርጉም፤ ወረቀቱን አይመቱምና።

አዲስ ኃላፊ መጣ። እንግዳ ሲመጣ ማሽኑ ይረብሻል፣ መልኩም ቢሮውን ኋላ ቀር ያስመስለዋል አለ። በሙቀት የሚጽፉ ትናንሽ ፕሪንተሮች ተገዙ፤ ድምፅ የላቸውም፣ ሪባን አይፈልጉም። ቅጂ የላቸውም እኮ ብዬ ነግሬው ነበር፤ «ሁሉም ኮምፒውተር ውስጥ አለ» አለኝ። ኤፕሰኑ ከተሰባበሩ ወንበሮች ጋር በኪሎ ተሸጠ። አንድም መርፌ አልተሰበረበትም ነበር።

በተከታዩ ክረምት አንዲት እናት ከዘጌ መጡ። ዋጋ እስኪሻል ብለው ቡናቸውን ድርጅቱ ጋ አስቀምጠው ኖሯል። መቀነታቸውን ፈቱ፤ ከውስጡ አንድ ፕላስቲክ አወጡ፤ ከፕላስቲኩ ውስጥ በአራት የታጠፈ ደረሰኝ። ዘረጉት። ነጭ ነው። ጥግ ላይ ከድርጅቱ ምልክት የቀረ ግራጫ ጭረት ብቻ ይታያል። ያንን በሙቀት የሚጻፍበትን ወረቀት የሚያጠፋው ፀሐይ ብቻ አይደለም፤ ቅባትም፣ ፕላስቲክም ያጠፋዋል። የፕላስቲኩ ማለስለሻ ኬሚካል ወረቀቱ ላይ ከተቀባው ጋር ሲገናኝ ጽሕፈቱ ይለቃል። እሳቸው ደግሞ ውኃ እንዳይነካው ብለው ነበር በፕላስቲክ የያዙት። የድርጅቱም ቀሪ በዚያው ዓይነት ወረቀት ለብቻው የታተመ፣ መስኮት ሥር በላስቲክ ታስሮ የከረመ ነው፤ እሱም ደብዝዟል። ኮምፒውተሩ? መብራት ሲሄድ ሲመጣ ዲስኩ ተቃጥሎ ነበር።

አንብበው ብለው እኔን ጠሩኝ። መስኮቱ ጋ ወስጄ አገላበጥሁት። በመርፌ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ ቀለሙ ቢጠፋ እንኳ ጉድጓዱ ይቀር ነበር፤ ወረቀቱን ወደ ጎን ብርሃን ስታዘነብሉት፣ ወይም እርሳስ አጋድማችሁ ቀስ ብላችሁ ስታሹበት ቁጥሩ ይወጣል። ብዙ ጊዜ አውጥቻለሁ። ይህኛው ግን ለስላሳ ነው፣ ጣቴ ሥር ምንም የለም። እሳቸው ማንንም አልተናገሩም። ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ውኃ እኮ አላስነካሁትም» አሉ። በሽማግሌ ግማሹ ተከፈላቸው። ሌላው ግማሽ ደረሰኝ የለውም ተብሎ ቀረ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

እንግዲህ ስለ ግዢው። ሐራጅ ላይ ስትሄዱ ላዩ ቢጫ ሆነ ብላችሁ አትሽሹ። ብዙዎቹ ኤፕሰኖች ላይ ወረቀት የሚያንቀሳቅሰውን ቁልፍ ተጭናችሁ ይዛችሁ ማሽኑን ብታበሩት፣ ያለ ኮምፒውተር ራሱን ይፈትሻል፤ ፊደል በመስመር በመስመር ይደረድራል። መርፌዎቹ ከላይ ወደ ታች የተሰለፉ ስለሆኑ አንዷ ከሞተች በፊደሎቹ ሁሉ ወገብ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ታያላችሁ። እንዲህ ያለውን ተዉት፤ ሄዱን፣ ማለት መርፌዎቹን የያዘውን ክፍል፣ መቀየር ከማሽኑ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ቀጥሎ ሪባኑ ገበያ ላይ መኖሩን ጠይቁ፤ ይህን ከመክፈላችሁ በፊት ነው። ከዚያ ከኋላው ያለውን የኬብል መግቢያ እዩ፤ ሰፊው የድሮ መግቢያ ከሆነ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ኬብል አለ።

ባለ ዘጠኝ መርፌ ግዙ፣ ሌላ አትግዙ እላለሁ ሁልጊዜ። መርፌው ወፍራም ነው፣ ምቱ ለካርቦን ይመቻል። ኤምኤክስ-80 ከተባለው ኤፕሰን ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ1980 ማለት ነው፣ ዓለምን ያዳረሰው ይህ ዓይነት ነው። ነገር ግን የእኛ ፊደል ማሽኑ ውስጥ የለም፤ አማርኛ የሚታተመው እንደ ሥዕል ነጥብ በነጥብ ተልኮ ነው። ዘጠኝ መርፌ ላይ «ጸ» እና «ጿ» ይምታታሉ። ደረሰኙ ላይ የሰው ስም በአማርኛ የምትጽፉ ከሆነ ባለ ሃያ አራቱን ውሰዱ፤ መርፌው 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ፊደሉ ጥርት ይላል። ስም ከተሳሳተ ደረሰኙ ምን ይጠቅማል? እንግዲህ ያልሁትን መልሼ አፈረስሁት፤ ሥራችሁን አይታችሁ ወስኑ።

የዛሬ ልጆች ሁሉን ነገር «ስልኬ ላይ አለ» ትላላችሁ። ስልክ ይሰረቃል፣ ሐይቅ ውስጥ ይወድቃል። ማሽን ሲበላሽም ክዳኑን ሳትከፍቱ አዲስ ትጠይቃላችሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል። ሁላችሁን ግን አልልም። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እኔ ተስፋ የቆረጥሁበትን ፕሪንተር በአዲስ ኮምፒውተር አሠርታዋለች፤ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ተምሬያለሁ። አጎቴ በኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና ሲጽፍ በየወረቀቱ መሐል ካርቦን እያስገባ ሳይ ነው እኔም ይህን ሙያ የወደድሁት፤ ጣቱ ሁልጊዜ ሰማያዊ ነበር።

ለመመረቂያ ጽሑፍና ለፎቶ ሌዘር ወይም ቀለም የሚረጨውን ግዙ፣ በዚያ አልከራከርም። ደረሰኝ፣ የዕቃ ማስረከቢያ፣ የደመወዝ መክፈያ የሚያትም ግን የሚመታ ማሽን ይፈልጋል። ባንኮችም የቁጠባ ደብተር የሚያትሙት በመርፌ ነው፤ ኤፕሰን ዛሬም ባለ መርፌ ፕሪንተር አዲስ ይሸጣል።

ሪባኑ ሲደርቅ የማኅተም ቀለም አታፍስሱበት፤ የሪባን ቀለም ዘይት አለው፣ መርፌውን ያለሰልሳል፤ የማኅተሙ ግን ደርቆ ያጣብቀዋል። ለባለ ብዙ ቅጂ ወረቀት በጎን ያለችውን የውፍረት ማስተካከያ ክፈቱላት፣ አለዚያ ሪባኑን ይቀድደዋል። ብዙ ካተመ በኋላ ሄዱ ያቃጥላል፣ በእጅ አይነካም። በክረምት ወረቀቱን ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጡ፤ እርጥበት ከሳበ ቅጂዎቹ ይጣበቁና ጥርሱ ላይ ይቀደዳሉ።