ሰፈር ስትመርጡ ቤት የሚውለውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የሚደርሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ቤት ናቸው። ክረምት ሳይገባ ዕቃውን ጭኖ መግባት የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው መሰለኝ። ዛሬ ሁለቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያውን ረዘም አድርጌ ነው የምመልሰው፣ ምክንያቱም ጉዳዩ የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ገርጂ ተከራይተን መኖር ከጀመርን ስድስት ዓመት ሆነን። አከራያችን ጥሩ ሰው ናቸው፣ ግን ልጃቸው ሊያገባ ስለሆነ ቤቱን ፈልገውታል። እስከ ሰኔ ጊዜ ሰጥተውናል። ባለቤቴ ቃሊቲ ፋብሪካ ውስጥ ይሰራል፣ የእኔ ቢሮ መገናኛ ነው። የ7 እና የ11 ዓመት ልጆች አሉን። እናቴም ከእኛ ጋር ነች፣ ጉልበቷን ያማታል። በአቅማችን ሦስት ቤት አይተናል። አንዱ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለተኛው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ነው። ሦስተኛው ለገጣፎ ግቢ ያለው ቤት ነው፣ ዋጋውም ከሁሉም ይቀንሳል። ባለቤቴ ግቢውን ወዶታል። እኔ አባዶ ብንገባ ለሥራዬ ይቀለኛል። ደላላው ደግሞ ቶሎ ካልወሰናችሁ ይያዝባችኋል እያለ ያጣድፈናል። የቱን እንምረጥ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። የባለቤትሽ ሐሳብ አለበት። ያንቺም አለበት። የደላላው እንኳ አለበት። የእናትሽ ግን የለም። እዚያ ሰፈር ከሁላችሁም በላይ የሚውሉት ደግሞ እሳቸው ናቸው።

እስቲ አስቢው። አንቺና ባለቤትሽ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ወጥታችሁ ማታ 1 ሰዓት ብትመለሱ፣ 13 ሰዓት ከሰፈሩ ውጪ ናችሁ። ልጆቹም ቀኑን ትምህርት ቤት ናቸው። ውሃ ሲመጣ በር የሚከፍቱት፣ መብራት ሲጠፋ ጨለማው ውስጥ የሚቀመጡት፣ ልጅ አሞት ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚቀበሉት እናትሽ ናቸው። እኛ ግን ቤት የምናየው እሁድ ከሰዓት፣ እናትን ቤት አስቀምጠን ነው።

ይህን የምልሽ ስለደረሰብኝ ነው። የዛሬ ስንት ዓመት እኔም ከከተማው ጫፍ ወደ አንዱ አዲስ ሰፈር ገባሁ። ቤቱን ያየሁት የካቲት ላይ ነበር። ፀሐይ ነው፣ ሜዳው ደረቅ ነው፣ አየሩ ንጹሕ ነው፣ ወዲያው ቀብድ ከፈልኩ። ሐምሌ ሲገባ ከአስፋልቱ እስከ ቤቴ ያለው መንገድ ጥቁር ጭቃ ሆነ። ዝም ብሎ የሚያቆሽሽ ጭቃ አይደለም፣ ጫማ ከእግር አውልቆ የሚያስቀር ነው። አስፋልቱ ዳር አንዲት ትንሽ ሱቅ ነበረች። የሰፈሩ ሰው በፕላስቲክ ቦት ጫማ እስከዚያ ይመጣና ቦቱን ሱቋ ጀርባ ደርድሮ፣ የሥራ ጫማውን አድርጎ ታክሲ ይይዛል። ማታ ሲመለስ በጨለማ የራሱን ቦት ይፈልጋል። እናቴ እኔ ዘንድ የነበረችበት ያን ክረምት ከግቢ የወጣችው ስንት ቀን እንደሆነ በጣት መቁጠር ይቻላል። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ መንገድ ታይ ነበር። አንድ ቀን ስመለስ "ልጄ፣ እዚህ ቡና የምጠጣው ከማን ጋር ነው?" አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። እስከ ዛሬ ያ ጥያቄ ሆዴ ውስጥ አለ።

ስለዚህ ሦስቱንም ቤቶች እንደገና እዩዋቸው፣ ግን እሁድ አይሁን። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይሁን። አንዳችሁ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እዚያው ሰፈሩ ታክሲ መያዣ ላይ ቁሙና ወደ ሥራችሁ ሂዱ። ማታም ከሥራ ወጥታችሁ በቀጥታ ወደዚያ ሰፈር ተመለሱ። ደላላ "ከመገናኛ 20 ደቂቃ ነው" ሲል ቀን 5 ሰዓት ላይ ያለውን መንገድ ነው የሚነግርሽ። ማታ 12 ሰዓት ላይ ሚኒባሶቹ መንገዱን ቆራርጠው ሲጭኑ፣ በአንድ ታሪፍ የሚኬደው መንገድ ሁለት ታክሲና ሁለት ወረፋ ይሆናል። አባዶን ስታስቢ ይህን ብቻ በእግርሽ ቆመሽ ካላየሽው አትወስኚ። አያት ላይ ባቡር አለ ብለው የሚያጽናኑሽም ይኖራሉ። እውነት ነው፣ ከ2008 ጀምሮ ከአያት በመገናኛ በኩል ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄድ መስመር አለ፣ ግን ከአባዶ አያት ድረስ የሚያደርስሽ ሌላ ትራንስፖርት ያስፈልግሻል። ጣቢያው ላይም በሥራ መግቢያ ሰዓት ቆመሽ እዪው።

እናትሽን የምትወስጃቸው ግን ረፋድ ላይ ነው፣ 4 ሰዓት ገደማ። ያኔ ነው ሰፈሩ ውስጥ የሚውለው ሰው የሚታየው። ጉልት አለ? ሴቶች ደጅ ተቀምጠዋል ወይስ በሩ ሁሉ ተዘግቷል? ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ በእግር ይደረሳል? ጤና ጣቢያው የት ነው? እድር አለ ወይ ብላችሁም ጠይቁ። እድር የተቋቋመበት ሰፈር ሰው እርስ በርሱ መተዋወቅ ጀምሯል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ደላላውን አትጠይቂ። ሱቅ ገብተሽ አንድ ነገር ግዢና ባለሱቋን ጠይቂ። የጥበቃ ሠራተኛውን ጠይቂ፣ ሌሊት የሚሆነውን የሚያውቀው እሱ ነው።

አሁን ወደ ቤቶቹ ልምጣ።

አባዶ አራተኛ ፎቅ ነው ብለሻል። ሊፍት የሌለው ሕንፃ ከሆነ፣ አብዛኛው ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ደግሞ የለውም፣ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰው ያ ቤት እስር ነው። ሌላ ነገር ሳይጨመር ይሄ ብቻ ይበቃኛል። የውሃው ነገር ግን አለ። የአዲስ አበባ ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው የሚመጣው፣ ብዙ ሰፈር የሚያገኘውም በፈረቃ ነው። ግፊቱ ሲያንስ መጀመሪያ የሚቀረው ላይኛው ፎቅ ነው። ኮንዶሚኒየም ስታዪ ቧንቧ ከፍቶ ማየት ብቻ አይበቃም፣ ያን ቀን ፈረቃው ሊሆን ይችላል። ደረጃውን ውጪና በየበሩ ያሉትን ቢጫ ጀሪካኖች እዪ። ክዳናቸው ወይም ጎናቸው ላይ በማርከር ስም ተጽፎባቸው ካገኘሽ፣ እዚያ ሕንፃ ላይ የውሃ ሰልፍ አለ። ጀሪካን እንዳይለዋወጥ ነው ስም የሚጻፈው። ግቢ ያለው ቤት ከሆነ ደግሞ ሮቶውን እዪ። 2000 ሊትር ሮቶ 100 ጀሪካን ነው። አምስት ሆናችሁ በቀን በነፍስ ወከፍ 40 ሊትር ብትጠቀሙ 10 ቀን ያቆያችኋል። 500 ሊትር ከሆነ ሦስተኛው ቀን ላይ ያልቅባችኋል። ስለዚህ "ውሃ አለ ወይ" ብለሽ አትጠይቂ፣ "በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል፣ በስንት ሰዓት ይመጣል፣ ባለፈው ወር ረጅሙ የጠፋበት ስንት ቀን ነበር" ብለሽ ጠይቂ።

ቱሉ ዲምቱ ግራውንድ መሆኑ ለእናትሽ ትልቅ ነገር ነው። ለባለቤትሽም ወደ ቃሊቲ ቅርብ ነው። መገናኛ ለምትሄጂው ላንቺ ግን በጎሮ በኩል ረጅም መንገድ ነው፣ አልደብቅሽም። ሁለት ነገር አጣርተሽ ግቢ። አንደኛው ፍሳሽ ነው። ግራውንድ ላይ መስመሩ ሲዘጋ የሕንፃው ሁሉ ፍሳሽ በአንቺ ሽንት ቤት በኩል ሊመለስ ይችላል። ከቤቱ ፊት ያለውን የማንሆል ክዳን ሄደሽ እዪው። ዙሪያው ረጥቦ ካገኘሽው ወይም ከሸተተሽ፣ ከጎን ያለውን ጎረቤት ሳትጠይቂ አትፈርሚ። ሁለተኛው አፈሩ ነው። ከተማው ከእንጦጦ ወደ አቃቂ እያዘቀዘቀ ነው የሚወርደው። እንጦጦ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፣ አቃቂ አካባቢ 2100 ገደማ ይሆናል። ወደ ታች በወረድሽ ቁጥር ጥቁር ዋልካ ይበዛል። ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ላዩ ያለውን አጥርና ወለል አብሮ ያንቀሳቅሳል። ከመስኮትና ከበር ጥግ ተነስቶ ሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ካየሽ፣ በሮቹ ወለል እየነኩ አልዘጋ ካሉ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ግድግዳው አዲስ ቀለም ስለተቀባ አትታለዪ፣ በእጅሽ ዳብሺው።

ለገጣፎን በተመለከተ ባለቤትሽ የተሳሳተ አይመስለኝም። ግቢ ለልጅ ጥሩ ነው። እናትሽም ጎመን ተክለው፣ ፀሐይ ሞቀው ይውላሉ። ነገር ግን ከዚያ በየቀኑ ቃሊቲ ደርሶ መመለስ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ ነው። ባለቤትሽ ግቢውን የሚያየው በጨለማ ይሆናል። ደግሞ ለገጣፎ ከ2015 ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ነው። የመታወቂያ፣ የውል ምዝገባና የመሳሰለው ጉዳይ እዚያው ባለው አስተዳደር ነው የሚያልቀው። ልጆቹን የመንግሥት ትምህርት ቤት የምታስገቡ ከሆነ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያስተምር ከመስከረም በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ። የ11 ዓመቷ ወይም የ11 ዓመቱ ልጅሽ በዚህ ዕድሜ የትምህርት ቋንቋ በድንገት ቢቀየርበት ከባድ ነው። የለገዳዲ ግድብ ቅርብ ነው ብለሽም ውሃ አይቸግርም እንዳትዪ። ግድብ ሌላ፣ የሰፈር መስመር ሌላ።

ምረጥ ካልሽኝ እኔ ቱሉ ዲምቱን ነው የምመርጠው፣ ፍሳሹና ግድግዳው ደህና ከሆነ። ያንቺ መንገድ ይረዝማል፣ አውቃለሁ፣ ለዚያ ነው ባለቤትሽ ወደ ሥራው ሲቀርብ የሚያተርፈውን ሰዓት ለልጆቹ ጠዋት እንዲያውለው አሁኑኑ ተነጋገሩ የምልሽ። እሱ ልጆቹን ለትምህርት ቤት ሰርቪስ ያድርሳቸው፣ አንቺ ቀድመሽ ውጪ። ይህን ሳትነጋገሩ ከገባችሁ ሸክሙ በሙሉ አንቺ ላይ ይወድቃል። እናትሽ አይተውት "አይ፣ ይሄ አይሆነኝም" ካሉ ደግሞ የእኔን ተዪውና የእሳቸውን ስሚ። አራተኛ ቤት መፈለግ ይቻላል። ሰኔ ገና ነው።

ስለ ደላላው። "ይያዝባችኋል" ሥራው ነው፣ አትቀየሚው፣ ግን አትሩጪለት። የስድስት ወር ወይም የዓመት ቅድሚያ ካላችሁም አትስማሙ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥሩ 1320 ነው፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብም ያዛል። ሁለት ዓመት ለልጆች ትምህርት ቤት ትልቅ ዋስትና ነው፣ ስለዚህ ወረዳ ሄዳችሁ ሳታስመዘግቡ ዕቃ አትጫኑ።

ጥያቄ፦ ከከተማው ወጣ ብሎ በሰበታ መስመር 140 ካሬ ቦታ በውል ልገዛ ነው። ካርታ የለውም። ደላላው ግን ሰፈሩ ሁሉ እንደዚህ ነው፣ በቅርቡ ሕጋዊ ይደረጋል ይላል። የስምንት ዓመት ቁጠባዬ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትግዛ። ስምንት ዓመት ቀላል አይደለም፣ ቤት የማግኘት ጉጉትህም ይገባኛል፣ ለዚህ ነው በግልጽ የምነግርህ። ሁለት ምስክር የፈረመበት ወረቀት ይዞታ አይሆንም። በየካቲት 2011 ለገጣፎ ላይ ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ ውል አለን፣ ግብር ከፍለናል ያሉ ሰዎች ነበሩ። ወረቀቱ ግን ቤታቸውን አላዳነላቸውም። "ሰፈሩ ሁሉ እንደዚህ ነው" የሚለው ቃል ያጽናናል፣ ዋስትና ግን አይደለም። ሲፈርስም ሰፈሩ ሁሉ አብሮ ነው የሚፈርሰው።

ካርታ አለው የሚባል ሌላ ቦታ ካገኘህ እንኳ ኮፒውን አይተህ ብር አትስጥ። ሻጩን ራሱን ይዘህ የአካባቢው የመሬት አስተዳደር ቢሮ ግባ፣ ፋይሉ በስሙ መሆኑን፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት እዚያው አረጋግጥ፣ የባንክ ብድር ካለበትም ይነግሩሃል። የደላላው ጓደኛ የሆነ "የቢሮ ሰው" ውጪ ላይ ካገኘህ ከእሱ ጋር አትነጋገር። ሻጩ አብሮህ ቢሮ ለመግባት ምክንያት ካበዛ፣ የዚያኑ ቀን ተወው።