ከምረቃ በኋላ የግቢ ጓደኛን ስለ መጠየቅ

ውድ እህታችን፣

ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቀው፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፈው፣ ደሴ ወላጆችዎ ቤት ሆነው ሥራ መፈለግ ከጀመሩ ስምንት ወር እንደሆነዎ ጽፈውልናል። የዶርም ጓደኞችዎ ወደየአገራቸው መበተናቸውን፣ የባቹ የቴሌግራም ግሩፕ ከበዓል መልካም ምኞት በቀር ዝም ማለቱን፣ «ሥራ የሚገኘው ሰው ላለው ነው» የሚለው አነጋገርም ተስፋ እያስቆረጠዎ መሆኑን ገልጸዋል። በመጨረሻም አዲስ አበባ ባንክ ቤት የገባችውን የቅርብ ጓደኛዎን እርዳታ ቢጠይቋት ወዳጅነታችሁ ይበላሽ እንደሆነ ጠይቀዋል።

«ሰው ላለው ነው» በሚለው አነጋገር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀዋል። አንደኛው አድልዎ ነው፤ በውድድር የተሻለ ውጤት ያመጣው ቀርቶ የሚታወቀው ሲቀጠር ማለት ነው። ይህን ማንም እንዲያደርግልዎ አይጠይቁ፤ የሚጎዳው ሌላውን ሥራ ፈላጊ ብቻ ሳይሆን እሺ ያለዎትንም ሠራተኛ ነው። ሁለተኛው ግን መረጃና ምስክርነት ነው፦ ማስታወቂያ መውጣቱን ቀኑ ሳያልፍ መስማት፣ መሥሪያ ቤቱ የጽሑፍ ፈተና ይሰጥ ወይስ በቃለ መጠይቅ ብቻ ይቀጥር እንደሆነ ማወቅ፣ ስለ ሥራ ጠባይዎ በእውነት የሚመሰክር ሰው ማግኘት። ይህ ምንም ነውር የለበትም፤ እርስዎም ካሰቡት በላይ አለዎት።

አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ማርክ ግራኖቬተር እ.አ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በቦስተን አቅራቢያ የሚኖሩ ሥራ የለወጡ ባለሙያዎችን ሥራውን በማን በኩል እንዳገኙት ጠይቆ ነበር። በሚያውቁት ሰው በኩል ካገኙት መካከል ከዚያ ሰው ጋር አዘውትረው ይገናኙ የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው፤ 55.6 በመቶዎቹ አልፎ አልፎ፣ የቀሩት 27.8 በመቶ ደግሞ ከስንት አንዴ ብቻ ይገናኙ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በየቀኑ የምናገኘው ወዳጅ የሚሰማው እኛ የሰማነውን ሲሆን፣ ራቅ ያለው ትውውቅ ግን እኛ የማንደርስበት ቦታ ይውላል። እ.አ.አ. በ2022 ከ20 ሚሊዮን በላይ የሊንክድኢን ተጠቃሚዎችን መረጃ ይዞ የታተመ ጥናትም ሥራ ለመለወጥ ይበልጥ የረዳው መጠነኛ ትውውቅ መሆኑን አሳይቷል።

ይህ ለእርስዎ ያለው ትርጉም ትልቅ ነው። በአገራችን ትምህርት ሚኒስቴር ተማሪዎችን ከየክልሉ በየዩኒቨርሲቲው ስለሚመድብ፣ በአንድ ዶርም የደሴና የሆሳዕና፣ የነቀምትና የጅግጅጋ ልጆች አብረው ያድራሉ። ያ ሁሉ ሰው ሲበተን የቀረ ይመስላል እንጂ፣ ወረዳው ሰሌዳ ላይ ብቻ የተለጠፈ፣ በኢንተርኔት የማይወጣ ማስታወቂያ በየከተማው የሚያይልዎ ሰው አገኙ ማለት ነው። ስለዚህ ግሩፑ እስኪነቃ አይጠብቁ፤ ደሴ ላይ ያዩትን «0 ዓመት» (የሥራ ልምድ የማይጠይቅ) የሚል ማስታወቂያ፣ የእርስዎ ሙያ ባይሆንም እንኳ፣ ፎቶ አንሥተው ይለጥፉ። ሌላውን የጠቀመ ሰው ሲጠይቅ አፉ አይያዝም።

ቀድመዎት የተመረቁትን ለማነጋገር እንደሚያፍሩ የጻፉትን በተለይ ልብ ብለነዋል። እፍረቱ የሚመጣው ሥራ እንደሚለምኑ አድርገው ስለሚያስቡት ነው፤ የሚጠይቁት ግን ዕውቀት ነው። ለምሳሌ በግቢ ቲቶሪያል ሰጥቷችሁ አሁን ኦዲት ቢሮ ለሚሠራ ሰው እንዲህ ሊጽፉ ይችላሉ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ሦስተኛ ዓመት እያለን የኮስት አካውንቲንግ ቲቶሪያል ሰጥተውን ነበር፤ ያኔ ያስረዱን ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለአፓረንትሺፕ የሥራ ልምምዴም ጠቅሞኛል፣ አመሰግናለሁ። አሁን ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። ኦዲት ቢሮዎች ከጀማሪ ሠራተኛ የፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌር) ነው ወይስ የአይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች) ዕውቀት አስቀድመው የሚፈልጉት? ሲመችዎ በአጭሩ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።»

እንዲህ ያለ መልእክት የሚያስታውሰው ነገር አለው፣ የሚመለስ አንድ ጥያቄ አለው፣ ተቀባዩንም አያስጨንቅም። ሲቪ አብሮ አይላክ፤ እሱ ራሱ «ላኪልኝ» ካለ ያን ጊዜ ይላኩ። መልስ ካልመጣ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ማስታወስ ይበቃል።

የክፍል ጓደኞች ምስክርነት የሚጀምረው ደግሞ ከምረቃ በፊት ነው፤ ገና ግቢ ያሉ አንባቢዎችም ይህን ቢያስቡበት እንወዳለን። ግሩፕ አሳይመንት ሲሰጥ ማን ሌሊቱን ተቀምጦ እንደሠራ፣ ማን ስሙን ብቻ እንዳስጻፈ ሁሉም ያውቃል። ከዓመታት በኋላ አለቃው «ይህችን ልጅ ታውቃታለህ?» ሲለው የክፍል ጓደኛ የሚያስታውሰው ግሬዷን ሳይሆን ያን ሌሊት ነው።

ወደ ባንክ ቤቷ ጓደኛዎ እንመለስ። ቅጥር እንዳለ እንድትነግርዎና ፈተናው ምን ዓይነት እንደሆነ እንድታስረዳዎ መጠየቅ ወዳጅነትን አያበላሽም፤ ለፈተና አዲስ አበባ ሲመጡ ሁለት ሌሊት ማደሪያ መጠየቅም እንዲሁ። ጥንቃቄ የሚያሻው የዋስ ጉዳይ ነው። ባንኮችና ገንዘብና ንብረት የሚያስረክቡ ሌሎች ቀጣሪዎች ተያዥ ይጠይቃሉ፤ ብዙ ወዳጅነት የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ በቅድሚያ ቋሚ ሥራ ያለው የቤተሰብ ሰው ይፈልጉ። እሷ በፈቃዷ ከፈረመችልዎ፣ ወይም እርስዎ አንድ ቀን ለእሷ ከፈረሙላት፣ ዋስትናው እስከ ስንት ብር እንደሆነ በውሉ ላይ መጻፉን ሁለታችሁም አንብባችሁ አረጋግጡ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922ም ይህን ይጠይቃል።

ሲደውሉላት የራስዎን ጉዳይ ከማንሣትዎ በፊት እሷ እንዴት እንደሆነች ይጠይቋት። ገንዘብ መቁጠሪያ ላይ የተቀመጠ አዲስ ሠራተኛ ጉድለት ሲገኝበት ከደመወዙ የሚከፍልበት ጊዜ አለ፤ ይህን ደግሞ ለአለቃና ለቤተሰብ ከመናገር ይልቅ ዶርም አብሯት ለኖረች ጓደኛ መናገር ይቀላታል።