መብራቱ ከሙዚቃው ጋር አልሄድ ሲል

ጥያቄው የመጣው ለሠርግና ለመልስ የድምፅ መሣሪያ ከሚያከራይ ወጣት ነው። ከባንዱ መድረክ ጀርባ 5 ሜትር የኤልኢዲ ስትሪፕ ዘርግቶ መብራቱ ሙዚቃውን እየተከተለ እንዲጨፍር ይፈልጋል። በእጁ ያለው አርዱዪኖ ኡኖ (ኮድ የሚጫንባት ትንሽ የመቆጣጠሪያ ቦርድ)፣ 300 አምፖል ያለው ደብሊውኤስ2812ቢ ስትሪፕ (እያንዳንዱ አምፖል ለብቻው የሚታዘዝበት ዓይነት) እና ሰማያዊ ብሎን ያላት ትንሽ የድምፅ ሴንሰር ነው። ስትሪፑ ኃይል የሚያገኘው ከአርዱዪኖው 5 ቮልት ፒን ነው። ችግሩን እንዲህ ይዘረዝራል፦ ቤቱ ጸጥ ሲል መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ሙዚቃው ከፍ ሲል ሁሉም በርቶ ይቀራል፤ ነጭ ሲያበራ የስትሪፑ ጫፍ ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል፣ አርዱዪኖውም ጠፍቶ እንደገና ይነሣል። ከኢንተርኔት ኮድ እያወረደ ቢቀያይርም ለውጥ የለም። «የተሻለ ኮድ ካለዎት ይላኩልኝ» ይላል።

ወንድሜ፣ ኮዱን ለጊዜው ተወው። ከዘረዘርካቸው ችግሮች አብዛኞቹ የሚመጡት ከኃይሉ እና ድምፁ ወደ አርዱዪኖው ከሚገባበት መንገድ ነው። እነዚህ ሁለቱ ካልተስተካከሉ የፈለግከውን ኮድ ብትጭን መብራቱ ያው ነው።

ከኃይሉ እንጀምር። በዚህ ስትሪፕ ላይ እያንዳንዱ አምፖል ውስጡ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አለው፤ አንዱ ቀለም በሙሉ ኃይሉ ሲበራ 20 ሚሊአምፔር ገደማ ይስባል። ነጭ ማለት ሦስቱም አንድ ላይ ሲበሩ ነው፣ ስለዚህ 60 ሚሊአምፔር። በ300 አባዛው፤ 18 አምፔር ይመጣል። ኡኖ በዩኤስቢ ሲሠራ ደግሞ ከ500 ሚሊአምፔር በላይ ሲሳብበት የሚያቋርጥ ፊውዝ ቦርዱ ላይ አለው። አርዱዪኖው ጠፍቶ የሚነሣው ለዚህ ነው፤ ነጭ ባዘዝክ ቁጥር ቮልቴጁ ይወድቅና ቦርዱ ራሱን እንደ አዲስ ይጀምራል። የጫፉ ቀለም መቀየርም የዚሁ ልጅ ነው። ቀዩ በ2 ቮልት ገደማ ይበራል፤ አረንጓዴውና ሰማያዊው ግን ወደ 3 ቮልት ይፈልጋሉ። በስትሪፑ ላይ ያለው መዳብ ቀጭን ስለሆነ ቮልቴጁ እየሄደ ይቀንሳል፤ መጀመሪያ ሰማያዊው ይደክማል፣ ቀጥሎ አረንጓዴው፣ ቀዩ ብቻውን ይቀራል።

መፍትሔው የራሱ 5 ቮልት 20 አምፔር ፓወር ሰፕላይ ነው። ያንን ያህል ካላገኘህ 10 አምፔር ግዛና ፋስትኤልኢዲ በሚባለው ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚገኝ የኮድ ስብስብ) ውስጥ ያለውን የኃይል ጣሪያ 8 አምፔር ላይ አስቀምጠው፤ ላይብረሪው ሒሳቡን እየሠራ ድምቀቱን ራሱ ይቀንስልሃል። በመድረክ ላይ ሁሉም አምፖል በአንዴ ሙሉ ነጭ መሆን ስለማያስፈልገው ብዙም አታጣም። ኃይሉን በአንድ ጫፍ ብቻ አታስገባ፤ በሁለቱም ጫፍና በመሐል አስገባው። ሽቦው ለቤት ሶኬት የምንዘረጋው ዓይነት 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን፣ ፓወር ሰፕላዩም ለስትሪፑ ቅርብ ይቀመጥ። 5 ቮልት ረጅም ሽቦ አይወድም፤ በቀጭን ሽቦ ብዙ ሜትር ከወሰድከው ግማሹን ችግር መልሰህ አመጣኸው ማለት ነው። ስትሪፑ ኃይል በሚገባበት ቦታ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ለይተህ በየድ፤ በዳታው ሽቦ ላይ ደግሞ ከመጀመሪያው አምፖል ጠጋ ብሎ 330 ኦም ሬዚስተር ይግባ። የአርዱዪኖውና የፓወር ሰፕላዩ ግራውንድ መገናኘት አለበት። ይህ ከተረሳ ዳታው ትርጉም ያጣል፣ አምፖሎቹም የፈለጉትን ቀለም ያወጣሉ።

ፓወር ሰፕላዩ ብዙ ጊዜ 220 ቮልቱ የሚታሰርበት ብሎን ክፍት ሆኖ ነው የሚሸጠው። ሰው በሚተራመስበት አዳራሽ እንዲህ ሆኖ መሬት ላይ መቀመጥ የለበትም። በሣጥን ሸፍነው፣ የመሬት ሽቦውን ከብረቱ አካል ጋር እሰር፣ ፊውዝ አድርግበት። ጎኑ ላይ የ110 እና የ220 መምረጫ ካለው ሳትሰካው በፊት 220 ላይ መሆኑን ተመልከት።

አሁን ወደ ድምፁ። ሰማያዊ ብሎን ያላት ሴንሰር የተሠራችው በጭብጨባ መብራት ለማብራትና ለማጥፋት ነው። በዲጂታል እግሯ የምትሰጠው መልስ «ድምፅ አለ» ወይም «የለም» ብቻ ነው፤ ብሎኑን በካቻቢቴ ስታዞረው የምትቀይረው ድምፁ ስንት ሲደርስ «አለ» እንደምትል እንጂ ሌላ አይደለም። ሞቅ ባለ አዳራሽ ድምፁ ምንጊዜም ከዚያ በላይ ስለሆነ ሁሉም በርቶ ይቀራል። ብሎኑን ድንበሩ ላይ ስታደርሰው ደግሞ ከፓወሩ የሚመጣው ትንሽ ረብሻ ብቻ ስለሚያንቀሳቅሳት በጸጥታም ብልጭ ድርግም ትላለች። የድምፁን መጠን የሚያሳይ አናሎግ እግር ያላቸውም አሉ፤ የሚያወጡት ግን በጣም ደካማ ነው። ለዚህ ሥራ አትሆንህም።

አንተ ሚክሰር ስላለህ ማይክ ጭራሽ አያስፈልግህም። የሚክሰሩን የመቅጃ መውጫ ወይም አንድ ኦክስ መውጫ ተጠቀም፤ ንጹሕ ድምፅ ነው፣ የሕዝቡ ጫጫታም አይገባበትም። ከኦክስ ብትወስድ ደግሞ ከበሮውንና ቤዙን ብቻ መርጠህ መላክ ትችላለህ፤ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ከአምፕሊፋየሩ ወደ ስፒከር የሚሄደውን ግን በፍጹም እንዳትነካ፤ አርዱዪኖውን ያቃጥለዋል።

አገባቡ ይህ ነው። የሚክሰሩን ድምፅ በ10 ኪሎ ኦም ፖቴንሾሜትር (በእጅ የሚዞር፣ ሦስት እግር ያለው ሬዚስተር) አሳልፈው፤ አንዱ ዳር ድምፁ፣ ሌላው ዳር ግራውንድ፣ መሐሉ መውጫ። ከመሐሉ በ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ወጥቶ ሁለት 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ወደሚገናኙበት ነጥብ ይሂድ፣ የካፓሲተሩ ፖዘቲቭ እግር ወደዚህ ነጥብ ይሁን። ከሬዚስተሮቹ አንዱ ወደ አርዱዪኖው 3.3 ቮልት፣ ሌላው ወደ ግራውንድ ነው። ነጥቡን ደግሞ በሌላ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ወደ አናሎግ ፒን አስገባው፤ ይህቺኛዋ ሚክሰሩ በድንገት ሲጮህ ፒኑን ትጠብቅልሃለች። ሬዚስተሮቹ የሚያስፈልጉት የድምፅ ሞገድ ከዜሮ በላይም በታችም ስለሚሄድ ነው፤ አርዱዪኖ ከዜሮ በታች ያለውን ማንበብ አይችልም፣ ስለዚህ ሞገዱን መሐል ላይ እናሳፍረዋለን።

3.3ቱን የመረጥኩት አምፖሎቹ በርተው በጠፉ ቁጥር የ5 ቮልቱ መስመር ስለሚንቀጠቀጥ ነው። ያ መንቀጥቀጥ ድምፅ መስሎ ይገባና አምፖሎቹን ያበራል፣ እነሱም መልሰው ያንቀጠቅጡታል፤ በጸጥታ የምታየው ብልጭታ አንድ ምክንያቱ ይህ ነው። የአርዱዪኖው 3.3 በራሱ ሬጉሌተር ስለሚያልፍ የተረጋጋ ነው። ይህንኑ 3.3 ወደ ኤሬፍ ፒን (አርዱዪኖው ንባቡን የሚያመዛዝንበት ቮልቴጅ የሚገባበት) አገናኝና ኮዱ ውስጥ ሪፈረንሱን ኤክስተርናል አድርገው። ጥንቃቄ፦ መጀመሪያ ይህን ትእዛዝ የያዘውን ኮድ ጫን፣ ከዚያ በኋላ ሽቦውን አገናኝ። ትእዛዙ ሳይኖር ኮዱ አናሎግ ካነበበ ውስጥ ያለው 5 ቮልት ከውጭው 3.3 ጋር ይጋጫል፣ ቺፑም ሊጎዳ ይችላል።

ሁሉንም አገናኝተህ ሙዚቃ ሳይኖር ዝቅተኛ «ዝዝ» ካለና የቤዙ መብራት አልጠፋ ካለህ፣ የ50 ኸርዝ የመብራት ኃይል ረብሻ በግራውንድ በኩል እየዞረ ነው። በሚክሰሩና በአርዱዪኖው መካከል የድምፅ ማግለያ ትራንስፎርመር አስገባ። የመሬት ሽቦ በመቁረጥ ችግሩን የሚያስወግዱ አሉ፤ ሰው ይገድላል፣ አታድርገው።

ሚክሰር በሌለበት ለምሳሌ በቤት ወይም በካፌ ከሆነ፣ ማክስ9814 የተባለውን ማይክ ፈልግ። ሩቅና ቅርቡን ድምፅ ራሱ ያመጣጥናል።

ኮዱን አሁን ማየት እንችላለን። ብዙዎች ኤፍኤፍቲ (ድምፁን ወደ ቀጭንና ወፍራም ድምፆች የሚከፋፍል ስሌት) ካልገባበት ሥራ አይመስላቸውም። ለአንተ አያስፈልግም። ኡኖ በተለመደው ፍጥነቱ በሰከንድ 9,600 ጊዜ ገደማ ያነብባል። ባነበብክ ቁጥር አንድ ተንከባላይ ቁጥር ያዝ፤ እሱን ከአዲሱ ንባብ ቀንስ፣ ልዩነቱን ለ8 አካፍለህ ተንከባላዩ ቁጥር ላይ ደምር። ይህ ብቻ ከ200 ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን ያዳክመዋል፤ የሚቀርህ ቤዙ፣ የድራሙ እግርና የከበሮው ትልቁ አፍ ነው። 200 ንባብ ውሰድ፣ በዚያ ውስጥ ተንከባላዩ ቁጥር ከደረሰበት ትልቁ ላይ ትንሹን ቀንስ፤ የምቱ ኃይል ያ ነው። ለ300 አምፖል መረጃ መላክ ብቻውን 9 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፣ በዚያን ጊዜ ማንበብ አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ አንብብ፣ ከዚያ ላክ። በሰከንድ 30 ጊዜ ገደማ ትታደሳለህ፤ ለዓይን ይበቃል።

ዳንሱን የሚያሳምረው አወራረዱ ነው። ድምፁ ሲጨምር መብራቱ ወዲያው ይውጣ፣ ሲቀንስ ግን ቀስ እያለ ይውረድ፤ በየዙሩ በ0.9 አባዛው። ለጭክጭካ 0.9 ጥሩ ነው፣ በ0.2 ሰከንድ ገደማ ግማሹ ይወርድና ለሚቀጥለው ምት ቦታ ይለቃል። ትዝታ ሲዘፈን ይኸው ፍጥነት ያስከፋል፤ 0.97 አድርገው፣ መብራቱ ይተነፍሳል። ይህን በፖቴንሾሜትር ከሣጥኑ ውጭ ብታወጣው ዘፈኑ ሲቀየር በእጅህ ታስተካክለዋለህ። ከዚያ ደግሞ ለጸጥታ ወለል አስቀምጥ፦ ሙዚቃ ሳይኖር ያነበብከውን ቁጥር መዝግብና ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ዜሮ ቁጠረው። ድምቀቱን ራሱ የሚያመጣጥን ኮድ ካለህ ወለሉ የግድ ነው፤ ካልሆነ ባንዱ እረፍት ሲወጣ ጸጥታውን አጉልቶ ያበራልሃል።

አንድ ነገር በደንብ አስብበት። ሙሉ ድምቀት ያለው ብልጭታ በሰከንድ ከ3 ጊዜ እንዳይበልጥ። ፈጣን ብልጭታ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የሚጥል በሽታን ይቀሰቅሳል፣ ሠርግ ደግሞ ሕፃንም አዛውንትም ያለበት ቦታ ነው። ለፈጣን ዘፈን ድምቀቱን ከመጥፋት እስከ ሙሉ አታመላልሰው፤ ከ40 እስከ 80 በመቶ መካከል ይሂድ፣ የቀረውን እንቅስቃሴ በቀለም አምጣው።

ሥራውን በዚህ ቅደም ተከተል ሞክር። በመጀመሪያ ስትሪፑን ያለ ድምፅ ነጭ አብራና ጫፉን በቴስተር ለካ፤ ከ4.5 ቮልት በታች ከሆነ ተጨማሪ የኃይል መግቢያ ያስፈልገዋል። ቀጥሎ ስትሪፑን ነቅለህ ድምፁን ብቻ በኮምፒውተሩ ሲሪያል ፕሎተር (ንባቡን በመስመር የሚስል የአርዱዪኖ መስኮት) ላይ ተመልከት፤ ጸጥ ሲል 512 አካባቢ መቆም አለበት፣ ሙዚቃው ሲከፈት ወደ ሁለቱም ጎን እኩል መውጣት አለበት። ላይና ታቹ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ከሆነ ፖቴንሾሜትሩን ቀንስ። ሁለቱ ለየብቻ ሳይሠሩ አንድ ላይ አታገናኛቸው። ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ካስቸገረህ የጫፉን ቮልቴጅና በጸጥታ የምታነበውን ቁጥር ጽፈህ ላክልኝ፤ ከሁለቱ ቁጥሮች ተነሥቼ የት እንዳለ እነግርሃለሁ።