አሜሪካ የተወለደ ልጅ 18 ሲሞላው ዜግነቱ ምን ይሆናል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። አሜሪካ ተወልዶ ደሴ ያደገው ልጅሽ 18 ሊሞላው ነው። «መንግሥት ዜግነቱን ሊነጥቀው ይችላል? ሕገ መንግሥቱስ አይከለክልም ወይ?» ብለሻል። አብሽሪ፣ ገና ጊዜ አለሽ። ግን አትዘናጊ። እኔ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ ስጽፍ ነው የምውለው፤ እንዲህ ያለ ጉዳይ አልፎ አልፎ ይመጣል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን አይገፈፍም ይላል። የውጭ ሰው ማግባት እንኳ አያሳጣም። የዜግነት አዋጁም (378/1996) ባለሥልጣን ወስኖ እንዳይወስድ ይከለክላል። እስከዚህ ሸጋ ነው። ችግሩ መንግሥት «ወሰድኩብህ» አይልም። «አንተው ነህ የተውከው» ነው የሚለው።

በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ይሄው አንቀጽ ነበረ። አባቱ ኤርትራዊ የሆነ፣ የአሰብ መንገድ ሹፌር ጎረቤት ነበረን። በ1985ቱ ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ የሰጠ የኤርትራን ዜግነት ወስዷል፣ የእኛን ትቷል ተባለ። የቤቱን ቁልፍ አባቴ እጅ ላይ አስቀምጦ ሄደ። በአስር ሺዎች ናቸው የተባረሩት። ሄግ ላይ የሁለቱን አገሮች የጦርነት ካሳ ያየው ኮሚሽን በ1997 ሲወስን ከፊሉን ሕጋዊ፣ ከፊሉን የዘፈቀደ ብሎታል።

ወደ ልጅሽ ልምጣ። በአዋጁ አንቀጽ 20፣ አካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ የአሜሪካውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላሳወቀ፣ በፈቃዱ እንደተወው ይቆጠራል። ዝም ማለቱ ብቻ ይበቃል። እኔን ብትጠይቂኝ ይሄ ከአንቀጽ 33 ጋር አይገጥምም። ዝምታ ፈቃድ ነው እንዴ? እስኪሻር ግን አዋጅ አዋጅ ነው።

እስከዚያ ድረስ ልጁ እዚህ የሚታየው እንደ ኢትዮጵያዊ ብቻ ነው። ይሄን ያዢ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለች አንዲት እናት ለልጇ መታወቂያ ልታወጣ ሄዳ፣ «የትውልድ ቦታ» ላይ የውጭ ከተማ ያዩት ሰውዬ «የመኖሪያ ፈቃድ አምጪ» አሏት። ማመልከቻውን ስጽፍላት ይሄንኑ የሚለውን የአዋጁን አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 4 ከሥሩ አሰመርኩበት። የእሷንም መታወቂያ አያያዝን፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 ከወላጆች አንዳቸው ኢትዮጵያዊ ከሆኑ ይበቃል። ሰውዬው ሁለቴ አነበቡትና ፎርሙን ሞሉላት።

የአሜሪካውን መተው በቃል አይሆንም፤ ራሱ የአሜሪካ ቆንስላ ፊት ቀርቦ ይምላል። እዚያ አገር ደግሞ ነገሩ ጠበቅ ያለ ነው። እስራኤል ውስጥ ድምፅ የሰጠን አሜሪካዊ ጉዳይ ያየው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1967 እ.ኤ.አ. ሰውየው ራሱ እተዋለሁ ካላለ ዜግነቱ አይወሰድም ብሏል። ስለዚህ የእኛን መታወቂያ ስለያዘ የእነሱን አያጣም።

አሜሪካዊነቱን ከመረጠም በአዋጅ 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያወጣል። ያለ ቪዛ ይገባል፣ ይሠራል፤ መምረጥና መመረጥ ግን የለም። በኋላ ሐሳቡን ቢቀይር እዚህ ኖሮ፣ ያንን ትቶ፣ አመልክቶ ይመለሳል።

አሁን ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ምርጫው የሱ ነው። የልደት ማስረጃውን ዋና ግን ለማንም እንዳትተዪ፣ ኮፒውን ብቻ።