መልስ፦ የ1909ኙን የኒውዮርክ ልብስ ሰፊዎች አድማ ማን ጠራው?
ወንድሜ፣ «አድማውን የጠሩት የዩኒየኑ (የሠራተኛ ማኅበሩ) አለቆች ናቸው ወይ» ላልከው፣ ኧረ እነሱማ ሲያመነቱ ነበር። ኖቬምበር 22 ቀን 1909 ኩፐር ዩኒየን አዳራሽ ተናጋሪው ሁሉ ሲያንዛዛ አመሸና ክላራ ሌምሊች የምትባል፣ ከዩክሬን የመጣች የ23 ዓመት አይሁድ ልብስ ሰፊ ወሬ በቃን ብላ መድረክ ወጥታ በዪዲሽ አሁኑኑ አድማ እንምታ ስትል ቤቱ ቀውጢ ሆነ። ከዛ ቀኝ እጃቸውን አንስተው «ብከዳ ይቺ እጄ ትድረቅ» አይነት መሐላ ማሉ፣ ዳዊት ላይ ያለችውን «ቀኜ ትርሳኝ» ታስታውሳለች አይደል። 20 ሺህ ገደማ ሠራተኛ ወጣ፣ አብዛኛው ሴት። የመርፌና የክር ሳይቀር ከደሞዛቸው ይቆረጥ ነበር እኮ! ብዙ ፋብሪካ ከዩኒየኑ ጋር ስምምነት ፈረመ፣ ትራያንግል የሚባለው የልብስ ፋብሪካ ግን አልፈርምም አለ፣ በ1911 ሲቃጠል በሩ ተቆልፎ ነበር፣ 146 ሰው አለቀ።