መልስ፦ ጤነኛ አብራሪ በ65 ዓመቱ ለምን በግድ ጡረታ ይወጣል?

ወንድሜ፣ «አያቴ መንዝ ውስጥ በ78 ዓመታቸው ገብስ ያጭዳሉ፤ አብራሪው አጎቴ ግን ሙሉ ጤነኛ ሆነው በ65 ለምን ይወርዳሉ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔም የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝና የደጋ ሽማግሌዎችን ብርታት አውቀዋለሁ። ጉዳዩ ግን የጉልበት አይደለም።

ገደቡ የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ነው። ሁለት አብራሪዎች ባሉበት በረራ ለዋና አብራሪ 60 የነበረው በ2006 እ.ኤ.አ. ወደ 65 ከፍ ብሏል፤ ብቻውን ለሚያበር ግን አሁንም 60 ነው። ልዩነቱ የመጣው አንዱ አየር ላይ በድንገት ቢታመም ሌላው እንዲያሳርፍ ታስቦ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ድንገተኛው ሕመም ሳይሆን ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው። ከ60 በላይ ያለ አብራሪ በየስድስት ወሩ ይመረመራል፤ ልቡና ደም ግፊቱ ይታያሉ። የትኩረትና የውሳኔ ፍጥነት መቀነስን ግን ባለቤቱም ሐኪሙም ቶሎ ላያዩት ይችላሉ። ሰው ደግሞ በዕድሜ እኩል አያረጅም፤ ስለዚህ አንድ ቁጥር ለሁሉም መቁረጥ ብርቱውን ይበድላል። ይህ በእውነት ያሳዝነኛል። ቢሆንም ከኋላ የተቀመጡትን መንገደኞች ሳስብ 65ን እደግፋለሁ። አሜሪካ ውስጥም የተወካዮች ምክር ቤት በ2023 እ.ኤ.አ. ገደቡ 67 እንዲሆን ቢያጸድቅም፣ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ 65ን አልነካውም።

የሚቆጨኝ ልምዱ እቤት ሲቀር ነው። ገደቡ የሚከለክለው መንገደኛና ጭነት በክፍያ ማጓጓዝን እንጂ በሲሙሌተር (መሬት ላይ ባለ የበረራ መለማመጃ) ማስተማርን አይደለም። አጎትህ ጤናቸው ከፈቀደ ወጣቶችን ያሠልጥኑ፤ አንተም አበርታቸው።