ድንበር መዝጋት ማስክ አያመጣም

ጥያቄህ ይህ ነበር፦ «ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ እያንዳንዱ አገር የህክምና ዕቃውን ለራሱ ቢይዝና ራሱ ቢያመርት አይሻልም? ከጎረቤት ጋር መነገድ በዚያ ሰዓት ምን ይፈይዳል?»

ኮቪድ ሲገባ የምሠራው የህክምና ዕቃ ግዢ ላይ ነበር። ካየሁት ተነስቼ ልመልስልህ። አይሻልም።

«ራሱ ያምርት» የሚለው ከሩቅ ሲያዩት ይቀላል። ተራውን የቀዶ ጥገና ማስክ እንውሰድ። ሦስት ስስ ንብርብር፣ የጆሮ ላስቲክ፣ የአፍንጫ ሽቦ፤ በቃ። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን የመሐለኛው ንብርብር ነው። ሜልትብሎን ይሉታል። ፖሊፕሮፒሊን የተባለው ፕላስቲክ ቀልጦ በኃይለኛ ሙቅ አየር ሲነፋ ከፀጉር በብዙ የቀጠነ ክር ይሆናል። ከዚያ በኤሌክትሪክ ይሞላል፤ ብናኙን አጥብቆ የሚይዘው በዚህ ነው። ይህን የሚያመርተው ማሽን ውድ ነው፣ ተከላውም ወራት ይፈጃል። ያኔ የማስክ መስፊያ ማሽን ያስገቡ ብዙዎች ነበሩ፤ ሜልትብሎኑን ከየት ያምጡት? ናሙና ሲመጣልን በመቀስ እቆርጠው ነበር። ከውጭ ሲታይ አንደኛ የሚመስለው ሲከፈት ሁለት ጨርቅ ብቻ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ለነርስ መስጠት ምንም ካለመስጠት ይብሳል፤ የተጠበቀች መስሏት ትጠጋለችና።

ጓንትም ያው ነው። ከዓለም የላስቲክ ጓንት ሁለት ሦስተኛው ገደማ የሚመረተው ማሌዥያ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 አገሪቱ እንቅስቃሴ ስትገድብ ፋብሪካዎቹ መጀመሪያ ላይ በግማሽ ሠራተኛ ነበር የሠሩት። ክትባቱ ደግሞ ጭራሽ ነው፦ ፋይዘር ራሱ እንደገለጸው ለክትባቱ 280 ግብዓት ያስፈልጋል፤ እሱም ከ19 አገሮች፣ ከ86 አቅራቢዎች ይሰበሰባል። የትኛው አገር ነው ይህን ሁሉ በራሱ አጥር ውስጥ የሚያሟላው?

ወደ መዝጋቱ ስንመጣ፣ አውሮፓን እይ። ማርች 2020 መጀመሪያ ላይ ፈረንሳይ ያለውን የማስክ ክምችት ለመንግሥት አደረገች። ጀርመን መከላከያ ዕቃ ከአገር እንዳይወጣ ከለከለች። ጣሊያን ያኔ በሕመምተኛ ተጥለቅልቃ ነበር። ማስክ ላኩልኝ ብላ ብትጠይቅ መጀመሪያ የደረሰላት የአውሮፓ ኅብረት አባል አገር አልነበረም። የአንድ ኅብረት ሰዎች እንዲህ ከሆኑ ሌላው ምን ይጠብቃል? ኤፕሪል ላይ የዓለም ንግድ ድርጅት ሲቆጥር ወደ ውጭ መላክን የከለከሉ ወይም የገደቡ አገሮችና የጉምሩክ ግዛቶች 80 ደርሰው ነበር።

እኛ ጋ ይህ የታየው በፕሮፎርማ፣ ማለትም ሻጩ በሚልከው የዋጋ ማቅረቢያ ላይ ነው። ጠዋት የደረሰን ዋጋ ከሰዓት አይሠራም። ሻጩ ሙሉውን ክፍያ በቅድሚያ ካልላክን ዕቃውን ለሌላ ይሰጣል። ኤልሲ፣ ማለትም የባንክ የክፍያ ዋስትና እስኪከፈት ማን ይጠብቅሃል! የዓለም ጤና ድርጅት ማርች ላይ እንዳለው የቀዶ ጥገና ማስክ ዋጋ ስድስት እጥፍ አድጎ ነበር። በዚህ ገበያ ብዙ ገንዘብ ያለው ይገዛል፤ ትንሽ አገር ብቻውን ቆሞ አይችለውም።

ሰው ብዙ የማያወራው ሌላ ችግር አለ፤ የጉምሩክ ወረቀት። ማስክ በታሪፍ መጽሐፉ ውስጥ ራሱን የቻለ ቦታ አልነበረውም። 6307.90 በሚባል የጉምሩክ ኮድ ላይ፣ «ሌሎች የተሰፉ ዕቃዎች» በሚለው ስር፣ ከባንዲራና ከጫማ ክር ጋር ነው የተመደበው። ስለዚህ አንዱ ድንበር ላይ የህክምና ዕቃ ተብሎ ያለፈ ካርቶን ቀጣዩ ላይ ጨርቃ ጨርቅ ተብሎ ይያዛል። ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያወጣልህ ትራንዚተር ይደውላል፣ አንተ ደብዳቤ ታጽፋለህ፣ ዕቃው መጋዘን ይተኛል። የዓለም ጉምሩክ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የጋራ የኮድ ዝርዝር ያወጡት ወረርሽኙ ከገባ በኋላ ነው። ዝርዝሩ በእጅጉ ረድቶናል፤ ቀድሞ ቢኖር ግን ስንት ነገር ይቀር ነበር።

ሾፌሮቹም አሉ። በኬንያና በኡጋንዳ መካከል ማላባ ላይ የጭነት መኪና ሰልፍ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተዘረጋ ታስታውሳለህ። ሾፌሩ የምርመራ ውጤት እስኪመጣ መኪናው ውስጥ ያድራል፣ ጭነቱም አብሮት። የአውሮፓ ኮሚሽን ግን ማርች 23 ላይ አረንጓዴ መስመር ብሎ ፍተሻን ጨምሮ ከ15 ደቂቃ በላይ እንዳይፈጅ አባላቱን ጠየቀ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ሆኖም ድንበሩ ከታነቀ በኋላ ነው የመጣው።

«ታዲያ ፋብሪካ አያስፈልግም ልትል ነው?» እንዳትለኝ። ያስፈልጋል፣ በየቀጠናው። ግን ውሉ ላይ ምን እንደተጻፈ እየው። በ2021 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አስፐን የተባለ የመድኃኒት ኩባንያ የሚያሽገው የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ክትባት በሚሊዮን የሚቆጠረው ወደ አውሮፓ ተጭኗል፤ ያውም አፍሪካ ክትባት አጥታ በተቸገረችበት ሰዓት። የአገሪቱ መንግሥት በውሉ ላይ መላክን እንደማይከለክል ፈርሞ ነበር። እውነት ለመናገር እስካሁን ያንገበግበኛል።

የሚሠራው በጋራ መግዛት ነው። የአፍሪካ ኅብረት ጁን 2020 ላይ የጀመረው የህክምና አቅርቦት መድረክ የብዙ አገር ትዕዛዝ አንድ ላይ ሰብስቦ ከአምራቾች ጋር አገናኘ። ማርች 2021 ላይ ደግሞ በኅብረቱ በኩል 220 ሚሊዮን ዶዝ የጆንሰን ክትባት ለማግኘት ስምምነት ተደረገ። አንድ ትንሽ አገር ብቻውን ቢደውል ስልኩን እንኳ የሚያነሳለት አልነበረም።

እና ጎረቤታሞች በሰላሙ ጊዜ ቁጭ ብለው መፈራረም አለባቸው፦ አንድ ዓይነት ኮድ፣ የአንዱን የጥራት ሰርተፍኬት ሌላው እንዲቀበል፣ እርስ በርስ ላለመከልከል ቃል። ሲንጋፖርና ኒውዚላንድ በኤፕሪል 2020 በአስፈላጊ ዕቃዎች ላይ ቀረጥም ክልከላም ላለመጣል ተስማምተዋል፤ ይቻላል ማለት ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሆን የራስ ክምችት መያዝ ከዚህ ጋር አይጋጭም፤ እኔም እደግፈዋለሁ።

እዚህ ግዢ ክፍል የምትሠሩ ካላችሁ ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። በቀጣዩ የጓንትና የማስክ ጨረታ ሰነድ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ ብቻ አትጻፉ። ከሌላ አገር የሚያቀርብ ሁለተኛ አቅራቢ ይኑር። ቢቻል አንዱ በመኪና የሚደረስበት ጎረቤት ይሁን፤ ትዕዛዙም በየዓመቱ ትንሽም ቢሆን ይድረሰው። ገበያው ሲቀዘቅዝ ማንም ያልገዛው ፋብሪካ ወረርሽኝ ሲመጣ ተዘግቶ ነው የምታገኙት።